የቮላኖው ጥርስ ስንት ነው?

ለአባዬ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? ደህና ነኝ እንደምትል አውቃለሁ፤ እንደማላምንህም ከወዲሁ እወቅልኝ። እማዬ እንዴት ናት? ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ ከንዴቴ በስተቀር በጣም ደህና ነኝ። ንዴቴ ግን ለብቻው አንድ ሉክ ወረቀት ስለሚፈልግ ሰላምታውን እዚህ ላይ ላብቃው።

ለአንድ ቮላኖ አራት ወር አንከራተትከኝ! በሞተር ጭራ ላይ ለምትገጠም ለአንዲት ክብ ብረት! ለሌላ መኪና ቢሆን ከመደርደሪያ አንስቼ በማግስቱ እልክልህ ነበር፤ መለዋወጫ መደብር የምሠራው ለጌጥ አይደለም። ያንተ አሮጊት ግን ከእኔ በአሥራ ሁለት ዓመት የምትበልጥ፣ የሠራት ፋብሪካ እንኳ የረሳት የጭነት መኪና ናት። ያም ሆኖ እሺ አልኩህ። የጠየቅኩህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአሮጌውን ቮላኖ ጥርስ ቁጠርልኝ። በዙሪያው ያሉት ጥርሶች በአንድ እንኳ ከተሳሳቱ ሞተር አስነሺው አይነክሳቸውም። ይህን ለአንተ ማስረዳቴም ድፍረት ነው፤ ያስተማርከኝ አንተው ነህ።

መቶ ሠላሳ ሁለት ብለህ ጻፍክ። ሦስት የአሮጌ ብረት ግቢ ዞሬ፣ ዝገት ውስጥ ተንበርክኬ፣ ቀሚሴን ቀድጄ አገኘሁት። በአውቶቡስ ጣሪያ አስጭኜ ላክኩልህ። አልሆነም አልክ። እንደገና ቆጠርክና መቶ ሃያ ዘጠኝ አልክ። ያንንም ፈልጌ ላክኩ፤ እሱም አልነክስ አለ። ያን ጊዜ ምን ብለህ ጻፍክ? አንቺ ዕቃ መሸጥ እንጂ ዕቃ ማወቅ አልተማርሽም ብለህ ጻፍክ! ያቺን መስመር ሳነብ ደሜ ፈላ። ደብዳቤውን ጨምድጄ ወረወርኩት። ቆይቼ ደግሞ አንስቼ ዘረጋሁት፤ ከሥሩ አዲስ ቁጥር ነበረበትና። መቶ ሠላሳ አምስት! ወይ ጉድ! ብረት ጥርስ ያበቅላል እንዴ?

የመደብራችንን ኃላፊ ሚሊሜትር እንለዋለን፤ አንዲት ቡሎን እንኳ ሁለቴ ሳይለካ አይሸጥም። ሦስቱን ቁጥሮች አይቶ ሳቀብኝ። አባትሽ ይህች መኪና እንድትነሳ አይፈልግም አለኝ። እኔም አመንኩት። ትቼህ ከተማ በመግባቴ ቂም ይዘህ ሆን ብለህ የምታለፋኝ መሰለኝ። ስንት ክፉ ነገር እንዳሰብኩብህ ብጽፈው እማዬ ታለቅሳለች፤ ይቅር። በመጨረሻ አሮጌውን ራሱን ላክልኝ አልኩህ። እኔ ከቆጠርኩት በላይ ማን ሊቆጥረው ነው ብለህ አሻፈረኝ አልክ። በሰው ወደ እማዬ መልእክት ላክኩ። አንተ ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል እሷ አስጭና ላከችልኝ። አዎ፣ እሷ ናት። ሌባ መጣ ብለህ ጎረቤት አትጠርጥር።

ባለፈው ሐሙስ ደረሰ። መደብሩ ወለል ላይ አጋድመን ጆንያውን ፈታነው። አንተ እንዳስተማርከኝ የመጀመሪያው ጥርስ ላይ በጠመኔ ምልክት ላደርግ ጎንበስ አልኩ፤ ዞሬ ምልክቱ ጋ ስደርስ እንዳቆም። በሰባት ዓመቴ ምልክቱን አልፌ ብቆጥር እጄን በመፍቻ እጀታ ያቀመስከኝን አልረሳሁም። ምን ባይ ጥሩ ነው? አንዱ ጥርስ ላይ ክር ታስሮበታል። የእማዬ የልብስ መስፊያ ክር! በግሪስ ርሶ፣ ገና ስነካው ከጥርስ ወደ ጥርስ ይንሸራተታል። እኔ ልስቅ ነበር። ሚሊሜትር ግን አልሳቀም። ዓይኑን ጨፍኖ ክሩን በጣቱ ዳሰሰው፣ ከክሩ ቀጥሎ ያሉትን ሦስት አራት ጥርሶች በጣቱ ቆጠረ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አባትሽ ጠመኔ አይታየውም እንዴ? አለኝ።

ጮህኩበት። አባቴ የጎማ መተንፈስ ከመንገድ ማዶ ነው የሚለየው አልኩት። ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ሳያልቅ ግን ባለፈው ዓመት ስመጣ በሩ ላይ ዝም ብዬ ብቆም፣ በእማዬ ቁልምጫ ጠርተህ ውሃ አምጪልኝ ያልከኝ ትዝ አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። አንተም አብረህ ሳቅክ። ደብዳቤዎችህም ከዚያ ወዲህ በእማዬ እጅ የተጻፉ ናቸው፤ እጁ ግሪስ ስለነካ ነው ትለኛለች። ዓመት ሙሉ ግሪስ! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው እንግዲህ። እማዬ፣ አንቺንም ተቀይሜሻለሁ። ይህችን መስመር ዘለሽ እንዳታነቢለት።

አንጀቴን ያሳረረው ግን መደበቅህ ብቻ አይደለም። አሮጊቷ ከተነሳች የመጀመሪያውን ጭነት በቁልቁለቱ ራሴ አወርዳለሁ ያልከው ነው። የትኛው ቁልቁለት ነው አባዬ? ያ ትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚያልቀው? ሠላሳ አምስት ዓመት ስትነዳ አንዲት ዶሮ እንኳ አልገጨህም። እኔ ሞኟ ደግሞ ያንን ስምህን፣ አንተንም፣ የሰው ልጅንም የምታጠፋበትን ብረት በየቆሻሻው ስፈልግልህ ከረምኩ! በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም እያልክ ሰፈሩን ሁሉ የምትመክረው አንተ አልነበርክም? ብትነግረኝ ምን እልህ ነበር? እስቅብህ ነበር? አባቴ እኮ ነህ!

እውነተኛው ቁጥር መቶ ሠላሳ አንድ ነው። እኔም ሁለቴ ቆጠርኩ፣ ሚሊሜትርም ሁለቴ ቆጠረ፤ የቡሎኖቹን ቀዳዳ ርቀት ሳይቀር ለካን። ልኩም ተገኝቷል። የት እንደሆነ ብነግርህ አታምንም፤ ወፍጮ ቤት ነው! ባለወፍጮው ለካ የአሮጊቷን ዓይነት ሞተር ከመኪና አውጥቶ እህል ሲፈጭበት ኖሯል፤ ሞተሩ ከተቃጠለበት ወዲህ ጥግ ላይ ጥሎት ነበር። እያጉረመረመ ፈታልኝ። አሁን አልጋዬ ሥር ነው።

አልክልህም። እኔም የደበቅኩህ ነገር አለ፤ የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ከእኔ በቀር የእሷን መሪ የሚነካ የለም ስለምትል ፈርቼ ዝም አልኩ። እንግዲህ ሁለታችንም አንሻልም። ይዤው እመጣለሁ፤ እኔ እገጥመዋለሁ፣ ሞተሩን አንተ ታስነሳለህ፣ ድምፁን አንተ ታዳምጣለህ። መሪውን ግን የምይዘው እኔ ነኝ። ከጎኔ ተቀምጠህ እስከ ቁልቁለቱ መጨረሻ ድረስ ስደበኝ፣ አልመልስልህም።

ከመምጣቴ በፊት ግን በገዛ እጅህ ነይ ብለህ ትጽፍልኛለህ። ሁለት ፊደል ናት። ካልመጣችልኝ ቮላኖውን ለብረት አቅላጭ እሰጠዋለሁ፣ እማዬን! እሷ ወረቀቱን ትያዝልህ እንጂ እጅህን እንዳትይዝ። ፊደሉ ይንጋደድ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ይውጣ፣ ግማሹም ጠረጴዛው ላይ ይቅር፤ እኔ አነበዋለሁ።

ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ጉልበትህን ስሜያለሁ።

ስትቆጣ ቁርጥ አንተን የምትመስለው ልጅህ