ሰባኪው ተመለሰ ወይስ አልተመለሰም?

ውድ የ«ሰባኪው ቤት» ደራሲ፣

ለማላውቀው ሰው መጻፍ ልማዴ አይደለም። ድራማዎ የተቋረጠበት መንገድ ቢያንገሸግሸኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። ግን ምስጋናው ይቅደም፤ ንዴቱ አይጠፋም።

የምኖረው ከአባቴ ጋር ነው። ዕድሜውን በሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ጸሎት ቤት ደጃፍ ዝር ብሎ አያውቅም። ለምን እንደቀረ አልነገረኝም፤ እኔም ፈርቼ አልጠየቅኩትም። አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠን፣ ስለ እሷ ትንፍሽ ሳንል፣ ቴሌቪዥን እናያለን።

ሰባኪው ልጁን ቀብሮ መድረክ ላይ የወጣበትን ክፍል መቼም አይረሱትም። አፉን ከፈተ፤ ቃል የለም። ማይክሮፎኑን አስቀምጦ ወረደ። አንዲት ባልቴት ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለትና አጠገባቸው ተቀመጠ። ሙዚቃ እንኳ አላስገቡበትም። አባዬ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ይኼ ሰውዬ ዋሽቶ መስበክ ይችል ነበር እኮ» አለ። ቀጠለናም፣ «እኔም ከእናትሽ ቀብር ወዲህ እንደሱው ነኝ። ልጸልይ እልና አፌ ይደርቃል።»

ዕድሜ ለእርስዎ፣ ያን ዕለት ስለ እናቴ አወራን። አለቀስን፤ ሳቅንም።

ከዚያ ወዲያ ሰባኪው ዘመዳችን ሆነ። አባዬ ይሟገተዋል፣ ይቆጣዋል፣ ያዝንለታል። የመጨረሻውን ክፍል ልናይ እራታችንን ቶሎ በልተን ስንቀመጥ ግን፣ የሚያብረቀርቅ ኮት የለበሰ ሰውዬ እየተንከተከተ ማቀዝቀዣ ሲሸልም አገኘነው። አባዬ ጣቢያ የሳተ መስሎት ሪሞቱን ደጋግሞ ተጫነ። «በተመልካቾች ጥያቄ ተቋርጧል» የሚል ጽሑፍ ከሥር አለፈ።

የትኞቹ ተመልካቾች? በማግስቱ ሥራ ቦታ አወቅኳቸው። ላውንደሪ ቤት ልብስ እተኩሳለሁ። ባለቤቱን በሌለበት «ቅዱሱ» እንለዋለን። ደረቱን ነፍቶ ገባ።

«ፊርማ አሰባስበን አስነሳነው! በእምነት እየተቀለደ ዝም አይባልም!»

«አይተውት ነበር ጋሼ?»

«እኔ? ምን በወጣኝ ቆሻሻ አያለሁ!»

«ታዲያ ቆሻሻ መሆኑን በምን አወቁ?»

«ይኼ ሁሉ ሰው ዝም ብሎ ይፈርማል እንዴ?»

ከፈረሙት ሁለቱ እዚያው አብረውኝ የሚተኩሱ ናቸው። ጠየቅኳቸው። እነሱም አላዩትም፤ እሱን አምነው ነው የፈረሙት። በእጄ የያዝኩት የእሱን ነጭ ሸሚዝ ነበር። ልተፋበት ምንም አልቀረኝም።

አባዬ ግን አልተሳደበም። በየሳምንቱ ሰዓቱ ሲደርስ፣ «ተመልሶ ሰበከ ይሆን ወይስ በዚያው ቀረ?» ይለኛል።

«እኔ ምን አውቄ አባዬ።»

ባለፈው የጸሎት ቀን ጠዋት ኮቱን ለብሶ አገኘሁት።

«ወዴት ነው?»

«እነሱ ካላሳዩኝ እኔው ሄጄ ልየው እንጂ!»

ጸሎት ቤት ድረስ ተከትዬው ሄድኩ። በሩ ላይ እንግዳ የሚቀበለው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቅዱሱ! የአባዬን እጅ በሁለት እጁ ያዘና ሰው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አደረገ። «አያችሁ? ያ ጉድ ከቴሌቪዥን ከተነሳ ወዲህ የጠፋው ሁሉ እየተመለሰ ነው!»

አባዬ ረጋ ብሎ፣ «የለም ጌታዬ፣ እኔን ያመጣኝ ያ ድራማ ነው» አለው።

ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ። «አባባ ቀልድ ያውቃሉ!» ብሎ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አልሰማም እኮ! እውነቱ ፊት ለፊት ተነግሮት አልገባውም። ያ ሳቅ እስካሁን ያቅለሸልሸኛል።

ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ አባዬ ዓይኑን እንደከፈተ ተቀምጦ ነበር። አልጸለየም። ግን አልወጣም፤ እስኪያልቅ ቆየ። ስንመለስ መንገድ ላይ፣ «የሚቀጥለውም ሳምንት እንመጣለን» አለኝ።

እንግዲህ እነሱ አጠፋነው ያሉት ሥራዎ እኛ ቤት ይኼን ሠርቷል። ማንም ባይነግርዎ ከእኔ ይስሙት። የመጨረሻውን ክፍል አንድ ቀን የሚያሳይልዎ ካገኙ፣ አደራዎን፣ ለእነሱ ደስ እንዲላቸው ብለው አንዲት ቃል እንዳይለውጡ።

አክባሪዎ፣
የሾፌሩ ልጅ