ተመላሽ ብላችሁኝ ተመለስኩ፤ ገንዘቤስ?

«አመልካቹ በራሱ ፈቃድ ስለተመለሰ ጥያቄውን እንደተወ ይቆጠራል» ነው በደብዳቤዎ ያሉት? እኔ? እንኳን ገንዘቤን፣ የወደቀ ስፖንጅ ትቼ የማልሄደው ልጅ!

ይሁን፣ ሰላምታ ይቅደም። የተከበሩ የግብር ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ወንበሩ ተመቸዎት? ዕድሜ ይስጥዎ፤ የእኔን ገንዘብ ለመመለስ ረጅም ዕድሜ ሳያስፈልግዎ አይቀርም።

ስሜን ይተዉት፤ «አረፋው» ካሉ ላቫጆው አካባቢ የማያውቀኝ የለም። የማታ ተማሪ ነኝ። ስምንተኛ ክፍልን ሦስቴ ተምሬዋለሁ፤ እርስዎ አንዴ ብቻ ነው የተማሩት፣ ስለዚህ በደንብ ያዳምጡኝ። ክረምቱን መኪና ሳጥብ ከረምኩ። ከእጄ የወጣች መኪና ባለቤቷ እንኳ አያውቃትም፤ አጠገቧ ቆሞ «የኔዋስ የት አለች?» ይለኛል።

ወደ ቅሬታዬ ልግባ።

፩ኛ. ከክረምት ደሞዜ ግብር ስለቆረጡልኝ በጣም አመሰግናለሁ። አከራያችን ፎቅ ላይ ፎቅ እየደረቡ በየዓመቱ «ከሰርኩ» ይላሉ፤ እኔ ግን በአንድ ባልዲ ከበርቴ ተባልኩ። እናቴ ሰምታ አለቀሰች። በደስታ መሰለኝ።

፪ኛ. በራችሁ ላይ «ክረምት ብቻ የሠራ ተማሪ የተቆረጠበት ይመለስለታል» ብላችሁ ለጠፋችሁ። እሰይ ብዬ መጣሁ። መስኮት ላይ ያለችው እህታችን ወረቀቴን አየት አደረገችና፣ ቀና እንኳን ሳትል፣ በእስክሪብቶዋ ወደ መውጫው በኩል እየጠቆመች «ተመላሽ!» አለች። ጨዋ ልጅ ነኝ፤ ተመለስኩ። ጫማዬ ውሃ ስለሚያንጠባጥብ ይሆናል ብዬ በማግስቱ የወንድሜን ጫማ አድርጌ መጣሁ። «ተመላሽ!» ተመለስኩ። ሌላ ቀን ሱሪዬን አስተኩሼ፣ ጸጉሬን ተቆርጬ፣ ሽቶ ተርከፍክፌ መጣሁ። ጭራሽ ጮኸችብኝ፤ «ተመላሽ ነህ እኮ!» «እሺ እህቴ፣ አትቆጪ» ብዬ ልወጣ ስል፣ ከኋላዬ የተሰለፉ አንድ አባት ክንዴን ያዙኝ።

«አንተ ልጅ፣ ወዴት ነው?»

«ተመለስ ተባልኩ፣ አባባ።»

«የሚመለሰው ገንዘብህ ነው! አንተን ማን ተመለስ አለህ? ያ በሩ አጠገብ ያለው የተመላሽ መስኮት ነው እኮ!»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ስቄ ስጨርስ መስኮቱ ተዘጋ፤ የማመልከቻውም ጊዜ አብሮ አለቀ።

፫ኛ. ይሄኛው ቀልድ የለበትም። ያ ገንዘብ መንጃ ፈቃድ የምማርበት ነው፤ ምዝገባው ቅዳሜ ያበቃል። ጋሼ፣ የላቫጆው ባለቤት፣ «መንጃ ፈቃድ ካመጣህ ቋሚ ሠራተኛ ነህ፤ ካላመጣህ ከክረምቱ ጋር ትሸኛለህ» ብለውኛል። አሁን ደንበኛው ቁልፉን ወርውሮልኝ ሻይ ሊጠጣ ሲሄድ፣ እኔ መኪናዋን እየገፋሁ ነው የማስገባት። የእርስዎንም ጭምር። ከባድ ናት።

በሰው ገንዘብ ላይ ላሳዩት ሰፊ ትዕግሥት ከአንገቴ ዝቅ ብዬ አመሰግናለሁ።

ተመለስ ሲሉት የሚመለስ ታዛዥዎ፣
አረፋው፣ የክረምት ከበርቴ

ይቺን ልረሳት ነበር፦ እሁድ መኪናዎን ሊያሳጥቡ ይመጣሉ አይደል? በሩ ላይ ቆሜ፣ ቀና ሳልል፣ በስፖንጄ ወደ መውጫው እየጠቆምኩ «ተመላሽ!» እልዎታለሁ። ከነጭቃዋ ይዘዋት ሲሄዱ፣ ለጋሼ «በራሳቸው ፈቃድ ተመለሱ» ብዬ እነግራለሁ።

እስከ ዓርብ ይመልሱልኝ። መልስ አላልኩም፤ ገንዘቤን!