በመንገድ ምንም አልቀመሰችም

ነሐሴ 9 ቀን፣ ንፋስ መውጫ

ጠዋት ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደወለ። ልጄ ከውጭ ስትመለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተይዛለች። የተጠረጠረችው በመንገድ የቀረበላትን ምግብ ሁሉ ስለመለሰች ነው አለኝ።

«ፍልሰታ አይደል እንዴ! ጾሙን እንዳትገድፊ ያልኋት እኔ ነኝ። ይህን ንገራቸው፣ ይለቋታል» አልሁት።

«እታለም፣ ራጅ አንስተዋታል። የዋጠችው የአደንዛዥ ዕፅ ጥቅል ሆዷ ውስጥ ተደርድሮ ይታያል።»

«ራጅ አይሳሳትም?»

«ሐኪም ቤት ሲወጣላት አይተዋል። አንዱ ገና ቀርቷል። ከፈነዳ ትሞታለች፤ ከወጣም እስር ቤት ነው።»

ሌላ ምን እንዳለኝ አላስታውስም።

ከቅዳሴ ስንመለስ ጎረቤቴ እማሆይ «ልጅሽ በሰው አገር ጾሙን ያዘችው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ምንም አልቀመሰችም» አልኋቸው።

«የታደልሽ እናት!» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ።