የጓሮዬ ወደብ

ሰኞ፣ ጥር 4

ዛሬም በርሜሉ ላይ እንደወጣሁ ተያዝኩ። እማ ሩቅያ ከማድ ቤት ብቅ ብለው፣ "ነኢማ! ባሏ የሞተባት ሴት በርሜል ላይ ትንጠለጠላለች?" አሉኝ። ዒዳ ላይ ያለች ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ሐዘኗን እስክትጨርስ ከግቢ አትውጣ ሲባል ሰምቻለሁ። በርሜል ላይ አትውጣ የሚል ግን አልሰማሁም። ይህንኑ ነገርኳቸው። አማቴ ናቸው። ባሌ ከድር ከሞተ ጀምሮ አብረውኝ ነው የሚኖሩት፣ ግማሹ ለማጽናናት፣ ግማሹ ለመጠበቅ ይመስለኛል።

በርሜሉ ላይ የምወጣው ከቆርቆሮ አጥራችን ጀርባ ያለውን ኩሬ ለማየት ነው። ድሮ አፈር ሲቆፈርበት የኖረ ጉድጓድ ነው። ክረምት ይሞላውና እስከ መጋቢት ውሃ አያጣም። ብርድ ከሚበረታበት አገር የሚሸሹ ወፎች በጋውን እዚያ ይከርማሉ። ከድር "ወደብ" ይለው ነበር። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለነበር ወደብ ያውቃል። ጭነት ወረፋ ሲጠብቅ ባሕሩ ዳር ይወርድና ይደውልልኛል፦ "እግሩ ረጅም ነው፣ መንቆሩ ወደ ላይ ቆልመም ያለ፣ ጭቃ ውስጥ ይቆፍራል፤ ምንድነው እሱ?" እኔ ባዮሎጂ አስተማሪ ስለሆንኩ ሁሉን የማውቅ ይመስለው ነበር። የስልክ ካርዳችንን የምንጨርሰው በወፍ ጭቅጭቅ ነበር። ሩቅ ማያ መነጽሩንም ያመጣልኝ ከዚያው ነው። አገራችን ወደብ የላትም እያሉ በቴሌቪዥን ሲከራከሩ፣ "እኛ ጓሯችን አለን" ይል ነበር።

ዛሬ ያየሁት፦
ማንኪያ አፎቹ ዳክዬዎች፣ ብዙ። መንቆራቸው ሰፊ ስለሆነ ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን።
ቂጧን ሳታቋርጥ የምትነቀንቅ አንዲት ትንሽ የጭቃ ወፍ።
ቢጫዎቹ ትንንሽ ወፎች፣ ከጎረቤት ላም እግር ሥር።
አንድ ሽመላ፣ ብቻውን፣ የተኮሳተረ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያላሰብኩት መጣ። ገልባጭ መኪና በኋላ በኩል ተጠግቶ ድንጋይና አፈር ኩሬው ዳር ዘረገፈ። ዋናው መንገድ ዳር ከፈረሱት ቤቶች የተጫነ ፍርስራሽ ነው። ወፎቹ በአንዴ ተነሡ። በርሜሉ ላይ ሆኜ ጮህኩ፣ ማንም አልሰማኝም።

ማክሰኞ፣ ጥር 5

ገልባጩን የላከው ሸምሱ ነው። የከድር ታናሽ ወንድም። ጠዋት መጥቶ እሱ ከደጅ፣ እኔ ከሳሎን፣ መሃላችን መጋረጃ ሆኖ ተነጋገርን።

"እህቴ ነኢማ፣ አንቺ ሐዘንሽ ላይ ነሽ። የውጭ የውጩን ለእኛ ለወንዶቹ ተይው" አለኝ። ድምፁ ማር ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ጉድጓዱ ተሞልቶ ሲስተካከል ጋራዥ ይሠራበታል አለኝ። የትንኝ መራቢያ ከሚሆን። ለኔም ጥሩ ነው። ለሁላችንም ጥሩ ነው።

ኩሬው በይዞታ ካርታችን ውስጥ መሆኑን ያውቃል። ቦታውን የገዛነው ጉድጓድ ስላለበት ማንም አልፈልግም ብሎት ነው። አጥር ስናጥር ውሃው አስቸግሮን ከኩሬው ወዲህ አቆምነው እንጂ መሬቱ ከዚያ ያልፋል። ሸምሱም ድርሻ አለው፣ አልክድም። አላህ ልጅ አልሰጠንም፣ ለእናቱም ለወንድሙም ይደርሳቸዋል። ግን ውርሱ ገና አልተከፈለም። ድርሻ በገልባጭ አይከፈልም፣ አልኩት።

"ለወፍ ብለሽ ነው? ላም አለኝ በሰማይ ሆነብሽ'ኮ!" ብሎ ሳቀ።

"አለኝ" አልኩት። ሌላ የተሻለ መልስ የመጣልኝ ከሄደ በኋላ ነው፣ እንደ ሁልጊዜው።

እማ ሩቅያ ቁጭ ብለው ሰምተዋል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ ሁሌም፤ ዛሬ ዝምታቸው አንገበገበኝ። ማታ ሽንኩርት ስከትፍ አለቀስኩ፣ ሽንኩርቱ ላይ አላከክሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 6

ሦስቴ መጣ ገልባጩ። ያቺ ቂጧን የምትነቀንቀው የምትውልበት ጭቃ ተቀብሯል። ዛሬ አላየኋትም።

ቀበሌ ደወልኩ። "ባለጉዳይዋ በአካል ትቅረብ" አለኝ አንዱ። ዒዳ ላይ ነኝ አልኩት። "እንግዲያው ሲያልቅ ይምጡ" አለ፣ እንደ መልካም ዜና። ሲያልቅ! በየቀኑ እየተሞላ እስከዚያ ምን ሊተርፍ?

ከዚያ ሴቶችን ቁርኣን የምታስቀራዋ ኡስታዛ ዘንድ ደወልኩ። "ለግድ ጉዳይ በቀን ወጥተሽ መመለስ ትችያለሽ፤ ማደሪያሽ ቤትሽ ይሁን እንጂ" አለችኝ። ለእማ ሩቅያ ነገርኳቸው።

"የተፈቀደ ሁሉ ይደረጋል እንዴ?" አሉኝ። "ሰው ምን ይላል?"

ጫማዬን አድርጌ እስከ በሩ ደረስኩ። ተመለስኩም። ሰው ፈርቼ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ፈርቼ ነው፤ ሸምሱ መስጊድ ደጅ ቆሞ "የወንድሜ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ ቢሮ ለቢሮ ትዞራለች" ሲል ታየኝ። ይህን ሰበብ በነጻ አልሰጠውም። ግን ዋናው እሱ አይደለም። ይህን ዒዳ ሙሉውን፣ ምንም ሳላጎድል መጨረስ የምፈልገው ለከድር ነው። ለሱ የቀረኝ ማድረግ የምችለው ይህ ብቻ ነው። ናፍቆኛል።

ስለዚህ፦ ብወጣ እሸነፋለሁ፣ ብቀመጥም እሸነፋለሁ። ሸምሱ አስልቶታል። ሒሳብ ጎበዝ እንደነበረ ከድር ነግሮኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥር 7

ዛሬ ጋሪ ነጂው ከወፍጮ ቤት ዱቄት አመጣ። በሩን ከፍተን ግባ ብንለው አሻፈረኝ አለ።

"ዒዳ ያለበት ግቢ ነው። አልገባም። አላህ ያጽናሽ እህቴ" ብሎ ጆንያውን ደጃፍ ላይ አውርዶ በቅሎውን መለሰ።

"አየሽ የሰው ልጅ!" አሉ እማ ሩቅያ በኩራት። ሁለት ሴቶች ጆንያ ስንጎትት ወገባችን ተቀነጠሰ። እሳቸው ቢስሚላህ ይላሉ፣ እኔ እረግማለሁ። መሃል ግቢ ስንደርስ ቆምኩ። ጆንያውን ለቀቅኩት።

ወንድ አይገባም።

ባዕድ ወንድ ዒዳ ያለበት ግቢ አይገባም። ከድር ከሞተ ወዲህ ቆጣሪ አንባቢው እንኳ ከደጅ ሆኖ ነው የሚጠይቀን። ሸምሱ ራሱ፣ የባሌ ወንድም፣ ለኔ ባዕድ ነው፤ ለዚህ ነው ከመጋረጃ ውጭ የሚቆመው። ስንት ቀን እዚህ አጥር ውስጥ ተቀምጬ አጥሩ እኔን ብቻ የሚይዝ መስሎኝ! እማ ሩቅያ ምን ያስቅሻል ብለው ተቆጡ። ዱቄቱን አስገብተን ስንጨርስ እንሴኖ ከተማ ደወልኩ።

ወንድሜ ነስሩ እንሴኖ ገበያ ላይ አጣና ይነግዳል። የእናቴ ልጅ ስለሆነ መግባት ይችላል። "ስንት አጣና?" ብቻ ነው ያለኝ። እወደዋለሁ።

ዓርብ፣ ጥር 8

ነስሩ ከጁምዓ በኋላ በአይሱዙ ደረሰ። አጣናውን ሲያራግፍ እማ ሩቅያ መጡ፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው።

"ሐዘን ቤት አጥር ይፈርሳል?"

"አይፈርስም፣ ይሰፋል" አልኳቸው።

"አንቺ ዒዳ ላይ ሆነሽ ወዴት ነው የምትወጪው?"

"እኔ አልወጣም፣ እማ። አጥሩ ነው የሚወጣው።"

ነስሩ ሳቁን ለመደበቅ ወደ መኪናው ዞረ። እሳቸው ግን አልሳቁም። "መሬቱ የራሳችሁ ነው?" አሉኝ። የራሳችን ነው አልኩ። "ወላሂ በይ።" ወላሂ አልኩ። ብዙ አሰቡ። ከዚያ፣ "ወጪ ወራጁ እንዳያይሽ ቁመቱ ከፍ ይበል" ብለው ገቡ። ያ ረቢ! ፈቀዱ ማለት ነው? አልጠየቅኳቸውም፣ ሐሳባቸውን እንዳይቀይሩ።

ቅዳሜ፣ ጥር 9

እጄ ቆስሏል፣ ጽሑፌ ለዚህ ነው የተንጋደደው።

ነስሩ ጉድጓድ ቆፍሮ አጣና ይተክላል። እኛ ሴቶች የድሮውን ቆርቆሮ ነቅለን እናቀብላለን። አልበቃም። ጎረቤቴ ትዕግሥት የማድ ቤቷን አሮጌ ቆርቆሮ አመጣች። ለከተራ ልብስ መተኮስ ሲገባት ሚስማር ስታቃና ዋለች። ሌላዋ የተገነጠለ በር ላከች። የቀረውን በማዳበሪያ ከረጢት ሰፍተን ሞላነው። አቤት አስቀያሚነቱ! ቡታጅራ ውስጥ እንደዚህ ያለ አጥር ያለ አይመስለኝም። ግን ኩሬውን ዙሪያውን ይዞታል። ሸምሱ ያስደፋው ክምርም ሳይቀር ውስጥ ቀርቷል።

ማታ መስገጃዬን ይዤ ውሃው ዳር ሰገድኩ። ከቤቴ ሳልወጣ።

አንድ ነገር ብቻ። በመዶሻው ጩኸት ወፎቹ ሁሉ ሄደዋል። ነስሩ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ለጥፎ ከዳር እስከ ዳር ቃኘና፣ "ወፍ የለም፣ እህቴ!" አለኝ። በጭንቅላቱ ላይ ከረጢት ወረወርኩበት።

እሁድ፣ ጥር 10

ከተራ ነው። መንገዱ ለታቦት ተዘግቷል፣ ገልባጭ የለም። ከሩቅ ከበሮው ይሰማል።

ኩሬው ባዶ ነው። አንድ ቁራ መጥቶ ክምሩ ላይ ተቀመጠ፣ ቁራ ደግሞ የትም አይጠፋም። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ አሰብኩ፦ ያባረራቸው ሸምሱ ነው ወይስ እኔ? ለወፍ ብዬ አጥር አጥሬ ወፎቹን ካጣሁ የዓለም ሞኝ እኔ ነኝ። እማ ሩቅያ ሻይ አምጥተው አጠገቤ አስቀምጠውልኝ ሄዱ። ስኳሩ እኔ እንደምወደው ነው።

ሰኞ፣ ጥር 11

መጡ! ንጋት ላይ ማንኪያ አፎቹ ውሃው ላይ ነበሩ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። እንደ ፊቱ ብዙ አይደሉም። ቢጫዎቹ አጥሩ ላይ ሰፍረዋል፣ ከረጢቱ የተስማማቸው ይመስላል። ያቺ ትንሿ የጭቃ ወፍ የለችም። ነጠላ ሳልለብስ ሮጬ ወጥቼ፣ መሮጤ ሲታወቀኝ ቆምኩ። ከሮጥኩ ስንት ጊዜዬ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 12

እየተቻኮልኩ ነው የምጽፈው። ከንዴት ነው፣ ከደስታም ነው።

ጠዋት ገልባጩ መጣ። ሞተሩ አጥሩ ሥር ቆመ፣ ከዚያ የሸምሱ ድምፅ፦ "ይህን ማን ተከለው?" እኔ ከውስጥ ነበርኩ። አፌን ስከፍት እማ ሩቅያ ክንዴን ያዙኝና ወደ አጥሩ እሳቸው ሄዱ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ እማ፣ ሸምሱ።"

"አሰላሙ ዓለይኩም የለም እንዴ?"

"ወዓለይ... አሰላሙ ዓለይኩም። እማ፣ አንድ ቆርቆሮ ብቻ አንስተን ደፍተን እንሄዳለን።"

"የት ነው የምትደፋው?"

"ጉድጓዱ ላይ ነዋ።"

"ጉድጓዱ ግቢ ነው። ግቢው ውስጥ ዒዳ ላይ ያለች ሴት አለች። የወንድምህ ሚስት ናት። ባዕድ ወንድ ይዘህ ልትገባባት ነው?"

ቀጥሎ ቆርቆሮው ተነቃነቀ፣ በእጁ ይዞት መሆን አለበት። እማ ሩቅያ በመዳፋቸው ከውስጥ ጠፍ አደረጉት። ድምፃቸው ሲወጣ እንደዚያ ሰምቼ አላውቅም፦

"ሸምሱ! አንተም ልጄ ነህ፣ ከድርም ልጄ ነው። አንተ አፍ አለህ። ለሱ ማን ይናገርለት? ቆርቆሮዋን ብትነካ የወለድኩህን እረሳለሁ!"

የመለሰው እሱ አይደለም፣ ሹፌሩ ነው። "ወንድሜ፣ ዒዳ ያለበት ቤት ነው አላልከኝም። እኔ የሙት ሚስት ላይ ድንጋይ አልደፋም። እማማ፣ አፉ ይበሉኝ" አለ። የመኪናው ማርሽ ወደ ኋላ ሲገባ ሰማን። ሸምሱ ትንሽ ቆመ። እግሩን በከረጢቱ ቀዳዳ በኩል አየሁት። ከዚያ እግሩም ሄደ።

እማ ሩቅያ እንደ ቆሙ ቀሩ። እንባቸው ይወርዳል። ለማን እንደሆነ አላወቅኩም፣ ለሁለቱም ይሆናል። አቀፍኳቸው።

ረቡዕ፣ ጥር 13

ሸምሱ ዛሬ መልእክት ላከ፣ ለናቱ፣ በስልክ። "ነኢማን፣ ዒዳውም ያልቃል በያት" አላቸው። እሳቸውም ቃል ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ነገሩኝ። ከዚያ መነጽሩን ተቀበሉኝና ገልብጠው ያዙት። አቃናሁላቸው። ዳክዬዎቹን ሲያዩ፣ "ይህን ያህል አገር አቋርጠው መጥተው፣ ይህች ጭቃ ናት የምታስደስታቸው?" አሉ። ማሻአላህ ለማለት ግን አልቸኮሉም።

እውነቱን ነው፣ ያልቃል። ዒድ አካባቢ ያልቃል፣ ወፎቹም ያኔ ነው ወደ አገራቸው የሚነሡት። ውርሱ ይከፈላል፣ ኩሬው ለማን እንደሚደርስ አላውቅም። ክምሩ እዚያው አለ፣ ውሃው ከበፊቱ ጠቧል። ያቺ ጭቃ ወፍም እስካሁን አልመጣችም። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ግን ዛሬ ጠዋት ፈርቼ አልነቃሁም።

ሸምሱ ሒሳብ ጎበዝ ነው፣ አንድ ነገር ግን አላሰላም። ዒዳዬ ሲያልቅ በሩ የሚከፈተው ለሱ ብቻ አይደለም፣ ለኔም ነው፤ ቀበሌም በአካል ትቅረብ ብሏል። እስከዚያ ቤቴ ነኝ። ከዚያ በኋላ የት እንደምገኝ እሱ ይጨነቅበት።