እማዬ የሰማችው ኳኳታ

ይድረስ ለምወድሽና ሁልጊዜ ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ ለሞራግ፤

እንደምን ሰነበትሽ? አንቺስ፣ ባልሽ ኬነዝስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናችሁ? የፎርት ማክመሪ ብርድ ዘንድሮ ከፍቷል ሲሉ ሰማሁ፤ የኬነዝ ወገብ ተሻለው? ትንሿንስ የጆሮ ሕመሟ ተዋት? ከሁሉ አስቀድሞ ጤናችሁን እመኛለሁ። እኔና ባለቤቴ ኢቬት በሕይወት አለን፤ ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽሽም። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ አባዬ ከወጥ ቤቱ ስልክ አጠገብ ስለማይጠፋ ነው።

እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ፒክ አፑ ከመንገድ ወጥቶ ዳሌዋ መሰበሩን ታውቂያለሽ። ያልነገርኩሽ ምክንያቱን ነው። ከድልድዩ በላይ ያለው መታጠፊያ ላይ ስትደርስ የግራው የፊት ጎማ ተነቅሎ ተጣጠፈ። ጎማውን ከሻሲው ከሚወጣው ታችኛ የብረት ክንድ ጋር የሚያያይዘው ቦል ጆይንት፣ ማለትም ያ ራሱ ድቡልቡል የሆነው ብረት፣ ከጎድጓዳ ቤቱ ወልቆ ነበር። እሱን ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በፊት በገዛ እጁ የቀየረው አባዬ ነው።

አባዬ ይህን እንደሰማ «ዳዶው እንዳይፈታ የሚታጠፈውን ሽቦ ሳላስገባ ረስቼ ነው፤ አርጅቻለሁ» አለ። ሆስፒታል ይዤው እሄዳለሁ፤ እኔ ስገባ እሱ መኪና ውስጥ ይቀራል። እማዬ በየቀኑ «አባትህስ?» ትለኛለች። ጉንፋን ይዞት ነው ስላት «ዕድሜ ልኩን ጉንፋኑን ሲያጋባብኝ ኖሮ ዛሬ ነው ያዘነልኝ?» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፤ ዓይኗ ግን በሩን ያያል።

አላስችል ቢለኝ ፒክ አፑ ወደተጎተተበት ወደ አልፎንስ ጋራዥ ሄድኩና አብረን ጎማውን ፈታን። ዳዶው ጠብቋል። ሽቦውም አባዬ እንደሚያጥፈው ሆኖ በቦታው አለ። ነገሩ ሌላ ነው፤ የቦል ጆይንቱ የላስቲክ ሽፋን ተቀዶ፣ የመንገዱ ጨውና አሸዋ ገብቶበት፣ ግሪሱ ደርቆ፣ ብረት ብረትን በልቶታል። በየዓመቱ በረዶ ከመጣሉ በፊት አባዬ ዝገት እንዳይነካው ብሎ የመኪናውን ሆድ የተቃጠለ ዘይት ይቀባና አቧራ እንዲይዝ በኮረኮንቹ መንገድ እንደሚነዳው ታስታውሻለሽ። አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ያ ዘይትና አቧራ እንደ ቅርፊት ደርቆ የተቀደደውን ሸፍኖታል። አልፎንስ ቆቡን አውልቆ «ቀባን፣ ቀባን፣ ቀበርነው» አለ።

ለአባዬ የወለቀውን ቦል ጆይንት ወስጄ ሽቦው እንዳለ አሳየሁት። እፎይ ይላል ብዬ ነበር። አገላብጦ አየውና «እንግዲያው አልረሳሁም፤ እያየሁ ነው ያላየሁት» ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሆስፒታል አሁንም አልገባም።

ለእማዬ ስነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «የመጀመሪያው በረዶ ከጣለ ጀምሮ መሪውን ሳጥፍ ያንኳኳ ነበር። ብነግረው በዚያ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ጉድጓድ በጨረሰው ደረቱ በረዶ ላይ ተንጋሎ ሊያይ ነው። ሐኪሙ ብርድ እንዳትጠጋ ብሎት የለ? በረዶው ሲቀልጥ እነግረዋለሁ ብዬ ነው» አለች። እንዳልነግረው አስማለችኝ፤ እኔም ማልኩ።

መሐላዬን አፈረስኩ፤ አምላክ ይቅር ይበለኝ። አባዬ ሰምቶ ከወንበሩ ተነሣ። ከዚያ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ፣ ሸሚዙን ቀይሮ «ውሰደኝ» አለ። ገብቶ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ። «ከስተሃል፤ ማን ነው የሚያበላህ?» አለችው። «ኢቬት። ሾርባዋ ዓሣ አለበት ይላሉ፤ እኔ እስካሁን አላገኘሁትም» አላት። ስለ መኪናው አንዲት ቃል አልተነጋገሩም።

ደብዳቤዬን እዚህ ላይ ብጨርስልሽ ምንኛ ደስ ባለኝ። ግን ከዚያ ወዲህ አባዬ ክሪክና ረጅም ብረት ይዞ በየጎረቤቱ ይዞራል። ክሪኩን ከታችኛው ክንድ ሥር ያስገባል፤ በሻሲው በኩል ካነሡት ግን የጎማው ሞላ፣ ማለትም ስፕሪንጉ፣ ቦል ጆይንቱን ወጥሮ ልልነቱን ይደብቀዋል። ከዚያ ጎማውን በብረቱ ከሥር እየነቀነቀ ያዳምጣል፤ የደረቀውን ዘይት ይፍቃል፤ የላላ ካገኘ እዚያው በረዶው ላይ ካርቶን አንጥፎ ይቀይራል። የፖስተኛዋ መኪና ጎማ ሊወልቅ ሲል ነው የደረሰበት። ታዲያ ማን ተው ይበለው? አልፎንስ «ሄክተር፣ ቄስ ሳንጠራልህ ከመኪናዬ ሥር ውጣ» ቢለው «ቄሱም መኪና አላቸው፤ ቀጥዬ እሳቸው ዘንድ ነኝ» አለው። ሳሉ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ኢቬት ልብሱን ስታጥብ ደም የነካው መሐረብ ከኪሱ አገኘች።

እማዬ ከእንግዲህ በእግሯ እንደማትቆም ሐኪሞቹ ነግረዋታል። ቤት ስገባ የሚያነሣኝ እሱ ነው ብላ ነው የምትጽናናው። እሱ ደግሞ ሊጠይቃት ሲገባ ሳሉን አፍኖ ይቀመጣል። እሷ ትሰማዋለች፤ አትጠይቀውም። ሞራግ፣ እኔ ፈርቻለሁ። ሁለቱንም በአንድ የበረዶ ወራት እንዳናጣ እፈራለሁ። ከቻልሽ ነይ፤ የአንቺን ቃል ይሰማል።

ለኬነዝ የወንድምነት ሰላምታዬን፣ ለልጆቹም የአጎታቸውን ስሞሽ አድርሺልኝ። ኢቬት እጅግ ሰላም ትልሻለች። እማዬ ግንባርሽን ስሜልሻለሁ ብላለች። አልፎንስም፣ ጥርሱ ቢረግፍም፣ ዛሬም አላገባሁም በልልኝ ብሏል። አባዬ ስጽፍ አይቶኝ በሩ ላይ ቆመና «የሞራግ መኪና ስትታጠፍ ታንኳኳ እንደሆነ ጠይቅልኝ» አለኝ። የምታንኳኳ ከሆነ እዚያው መካኒክ ዘንድ ውሰጃት፤ ለእሱ ግን አታንኳኳም ብለሽ ጻፊለት።

ወንድምሽ ራናልድ
ማርጋሪ፣ ኬፕ ብሬተን
ፌብሩዋሪ 9 ቀን