የእማሆይ እጅ

ሐምሌ፣ ሰኞ ጠዋት

ዛሬም ዝናብ። የጤና ቦርሳዬን ይዤ ወደ አብነት ት/ቤቱ ወረድኩ። ሌላ ጊዜ ከሩቅ ይሰማኝ የነበረው ዜማ የለም። ጎጆዎቹ ጉም ውስጥ ጭጭ ብለዋል። በር ገፋ አድርጌ ባይ ተማሪዎቹ ተኝተዋል፤ ዓይናቸው ግን ፍጥጥ ብሏል። ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠት። አንዱ ግድግዳውን እያየ ዳዊት ይደግማል። ብጠራው አይሰማም።

እማሆይ፣ ቤት ያከራዩኝ መነኩሲት፣ አጠገባቸው ተቀምጠው በእጃቸው ያጎርሷቸዋል። ሁሉንም ጤ/ጣቢያ አስወሰድኳቸው።

ረቡዕ፣ ከሰዓት

ውጤት መጣ፦ ታይፎይድ። የሚጠጡት የምንጭ ውሃ ተመረመረ፤ ንጹሕ ነው። ታዲያ ከየት?

ከላይ ሰፈር ጠሩኝ። የታመመችው አንዲት አራስ ናት፤ ሰውነቷ ይፋጃል። ማን ሲያስታምማት እንደነበር ብጠይቅ፣ እማሆይ አሉኝ። ጎረቤቷም ታማለች። እዚያም ገንፎ ያገነፉት እማሆይ። እሳቸው የገቡበት ቤት ሁሉ ይታመማል። እሳቸውን ራስ ምታት እንኳ አይነካቸውም።

ዓርብ፣ ማለዳ

ሰፈሩም አስተውሏል፤ በራሱ መንገድ። እማሆይ ሲያልፉ ሴቶቹ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ቡዳ ናቸው ይባላል፣ በሹክሹክታ። ዛሬ ደጃችን ላይ አመድ ተበትኖ አገኘሁ። እሳቸው ሳያዩት ጠረግሁት።

ቀና ስል እማሆይ ከሽንት ቤት ወጡ። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረግ አድርገው በቀጥታ ጤ/ጣቢያ ለተኙት ተማሪዎች የሚወስዱትን የዳቦ ሊጥ ማሸት ጀመሩ።

ማስታወሻዬ፣ ነገሩ ያኔ ገባኝ። ሊጡን አስደፋኋቸው። ደ/ማርቆስ ይዣቸው ሄጄ ላስመረምራቸው ነው።

በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት

ተነገረን። ጀርሙ አንጀታቸው ውስጥ አለ። እሳቸውን አያሳምማቸውም፤ ከሽንት ቤት በእጃቸው አድርጎ ወደ ምግቡ ይሻገራል። መድኃኒት ታዘዘላቸው። ነጻ ነዎት እስኪባሉ ለሰው ምግብ አይሠሩም። ልጆቹና አራሷ እያገገሙ ነው።

እማሆይ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አዩ።

«እነዚህ ናቸው?»

«እነሱ ናቸው እማሆይ። በሳሙና ቢታጠቡ ኖሮ...»

ወሬው እስኪበርድ ደምበጫ፣ እህታቸው ዘንድ ቢሄዱ ብዬ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ።

«ከሸሸሁማ ቡዳ ነኝ ማለቴ ነው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ እነግራለሁ። ዓይኔ አይደለም፣ እጄ ነው እላለሁ።»

ሰው ድንጋይ ቢያነሳስ? አላውቅም። ውሃና ሳሙና ይዤ አጠገባቸው እቆማለሁ። ወስኛለሁ።

አሁን ጓሮ ናቸው። ውሃው ሲንጠባጠብ ይሰማኛል። እጃቸውን እየታጠቡ ነው። በጣም ቆዩ። በመስኮት አያቸዋለሁ፤ ቆዳቸው ቀልቷል፣ ገና ያሻሉ። ጠራኋቸው፤ አይሰሙም። ልሂድና እጃቸውን ልያዝ።