ለሕዋሶችሽ ተረኛ ፈልጊ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤ እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክልሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ተሽሎኛል፤ የሚያፈሰውንም ጣሪያ አጎትሽ ጠግኖልኛል። የአባትሽን ወንበር ግን ከበረንዳው ላነሳው አልቻልኩም። ውሻው ሥሩ ይተኛል።

ሰሞኑን የሰፈሩን ውሾች በሽታ ፈጃቸው። ዓይናቸው በመግል ይሞላና ሰውነታቸው ይንዘፈዘፋል፤ ከዚያ ይሞታሉ። አጎትሽ፣ «ይኸው፣ ልጅሽ በጠርሙስ የምታረባው በሽታ ደጅሽ መጣ» ብሎ አሾፈብኝ። ለአባትሽ ቀብር ያልመጣሽው በቤተ ሙከራ የምታሳድጊያቸውን ሕዋሶች የሚመግብልሽ ሰው አጥተሽ መሆኑን ያውቃላ።

የእንስሳት ሐኪሙ ውሻችንን ሊከትብ ሲመጣ ስለ ሥራሽ ጠየቅሁት።

«እማማ፣ የዚህን በሽታ ቫይረስ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ እያዛወሩ ሲያሳድጉት ጉልበቱ ይደክማል። ክትባት የሚሆነው ያኔ ነው» አለኝ።

«መጋቢዋ ትታቸው ብትሄድስ?»

«ሕዋሶቹ ይሞታሉ፤ ልፋቷም ከንቱ ይቀራል።»

አጎትሽ ይህን ሲሰማ ጎንበስ ብሎ ሐኪሙ እንዲከትበው የውሻውን አንገት ያዘለት።

ውሻው እስካሁን ደህና ነው። አባትሽ የሚመጣ ይመስል በር በሩን ያያል። እኔም አብሬው አያለሁ፤ የእኔ ዓይን ግን አንቺን ነው የሚጠብቀው። አልተቀየምኩሽም፣ ልጄ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ከሥራ ጓደኞችሽ ለአንዷ አመጋገቡን አስተምሪያትና ለጥቂት ቀን ትተካሽ። መቃብሩን አብረን እንየው፤ ብቻዬን መሄድ ከብዶኛል። ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርሽ፤ እጅሽን አያዝለው።

እናትሽ